ስም የተጻፈበት ገል

የቡድን ሥራ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የፈለሰፈው ሰው አይታወቅም እንጂ ቢታወቅ ረጋሚ አያጣም ነበር። አራት ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያወራል፣ አንዱ በመስኮት ያያል፣ አራተኛው «እኔስ ምን ልሥራ?» እያለ ደወል ይደወላል። ማርኩ ግን ለአራቱም እኩል ነው። የታሪክ መምህሩ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው እንግዲህ ክፍሉን በአራት በአራት ከፋፍለው «የጥንት ግሪኮችን ጋዜጣ ታዘጋጃላችሁ» ያሉት። በትልቅ ወረቀት ላይ በእጅ የሚጻፍ፣ የፊት ገጽ ያለው፣ ስፖርትና ማስታወቂያ ያለው ጋዜጣ። ከሁሉ የበለጠው ወላጆች በሚመጡበት ቀን አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል።

«ልብ በሉ፣ ጋዜጠኛ ያላየውን አይጽፍም» አሉ መምህሩ፣ የዕለቱን ጋዜጣ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነገር ይዛችሁ ከመጣችሁ መስኮት መወልወያ ነው የማደርገው። እዚያው አቴና እንደነበራችሁ ሆናችሁ ጻፉ።»

ሌሎቹ ቡድኖች ይህን እንደ ምክር ሰሙትና ራሳቸውን ነቅንቀው መጽሐፋቸውን መገልበጥ ጀመሩ። መስኮቱ ጥግ የተቀመጠው ቡድን አለቃ ግን ቃሉን እንደ ሕግ ያዘችው። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ይቺ ልጅ ጋዜጣው ከተጀመረ ወዲህ «አዘጋጇ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፣ እሷ ግን ወደደችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ ባትሆንም ወረቀቱ እጇ ላይ ነበር። ለስፖርቱ ገጽ ሩጫ መኖር አለበት ብላ የቡድኗን ልጆች በምሳ እረፍት ሜዳውን አስዞረቻቸው። ለገበያው ገጽ የወይራ ዘይት ዋጋ ያስፈልጋል ብላ የውኃ ኮዳ አስይዛ ገዢና ሻጭ አድርጋ አከራከረቻቸው። ለቴአትሩ ገጽ ከካርቶን ጭንብል ቀደው፣ አንዱ አልቃሽ አንዱ ሳቂ ሆነው በረንዳ ላይ ቆሙ። የሌላ ክፍል ልጆች እየመጡ ሳቁባቸው። ይሳቁ። ጽሑፋቸው ግን ነፍስ ነበረው፤ ሯጩ ሲያለከልክ፣ ነጋዴው ሲምል ይሰማል።

ቡድኑ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሦስት ልጆች አሉ። አንደኛው «ጡሩምባ» ነው። ከክፍሉ ሁሉ በቁመት ይበልጣል፣ ሲስቅ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል። ክፉ ልጅ አይደለም። ቂም ግን ይይዛል፤ የነካውን ሰው ሳምንት ሙሉ ስም እያወጣለት መሳቂያ ሳያደርገው አይለቀውም። ሁለተኛው «ሠዓሊው» ነው፣ ከእርሳሱ ጋር እንጂ ከሰው ጋር እምብዛም አይነጋገርም። ሦስተኛዋ ጭምቷ ናት።

የጭምቷ ነገር ሰፋ ተደርጎ ካልተነገረ የቀረው አይገባም። ጭምቷ ትንተባተባለች። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ፣ በር እንደተዘጋበት እንግዳ እዚያው ቆሞ ይቀራል። በፊት የነበረችበት ትምህርት ቤት ልጆች አነጋገሯን እየቀዱባት፣ ስሟን ስትናገር እንኳ አብረዋት እየተንተባተቡ፣ በመጨረሻ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከአዘጋጇ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ፤ የስፌት መኪናቸው ድምፅ በጣሪያው በኩል ይመጣል። ልጃቸውን አሁን ወዳለችበት ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ቁርጡን ነግረዋታል።

«ይኼ የመጨረሻ ነው» አሏት። «እዚህም ካልሆነልሽ ከአክስትሽ ጋር ሄደሽ ሥራ ትለምጃለሽ።»

አክስቷ ሌላ ከተማ ውስጥ ላውንደሪ አላት። ሙሉ ቀን አንሶላ የሚታጠብበት፣ የሚተኮስበት፣ የሚታጠፍበት ቤት ነው። «እዚያ ማንም አያናግርሽም፣ የሚጮኸው ማሽኑ ብቻ ነው» ብለው ጨመሩ እናትየው። ይህን ያሉት ሊያጽናኗት ነው።

ጭምቷ ደግሞ መማር ትወድ ነበር። ይህን አዘጋጇ በደንብ ታውቃለች። ደብተሯን እንኳ በጋዜጣ ሸፍና፣ በላስቲክ ደግማ ነው የምትይዘው። እናትየው አንድ ቀን ደረጃው ላይ አዘጋጇን ጠብቀው ክንዷን ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ሰው ይሰማሻል» አሏት። «ልጄን አደራ።»

«እትዬ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም» አለች አዘጋጇ። አፏን ሞልታ ነው ያለችው። አደራ የሚባለው ቃል ክብደቱ የሚታወቀው ሲወድቅ ነው እንጂ ሲቀበሉትማ ማንም አይከብደውም።

እውነቱን ለመናገር ጠበቀቻት። አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ ወደ ቡድኗ አስገባቻት። የጭምቷ ጽሑፍ የመጽሐፍ ጽሑፍ ስለሚመስል፣ ማንም ምንም ይጻፍ፣ ትልቁ ወረቀት ላይ የሚገለብጠው የእሷ እጅ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን የማስታወቂያውን ገጽ ራሷ ለቡድኑ ጮክ ብላ አነበበች። «የ-የጠፋች ፍየል። ቀ-ቀንዷ አንድ ነው። ያገኘ ሰው ለ-ለባለቤቷ ይመልስ፣ ከበላት ደግሞ ቆ-ቆዳዋን።» ጡሩምባ እንኳ እስክትጨርስ አፉን በእጁ ይዞ ጠበቀ፣ ከዚያ ነው የሳቀው፤ የሳቀውም በፍየሏ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ከላይ የስፌት መኪናው ቆሞ የእናትና የልጅ ሳቅ ወደ ታች ወረደ። አዘጋጇ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ሰማችውና ኮራች። የኩራት ነገር ደግሞ ይታወቃል።

የቀረው የፊት ገጽ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቡድኖች ጦርነት ጽፈዋል። የአዘጋጇ ቡድን ጦርነት አላየም፤ ያላየውን ደግሞ አይጽፍም። መጽሐፉን ስታገላብጥ ታዲያ አንድ የአቴና ልማድ አገኘች። የአቴና ሰዎች አንድ ሰው ጉልበቱ ከልክ አለፈ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አናታችን ላይ ይወጣል ብለው ሲፈሩ አደባባይ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ከተሰበረ ማሰሮ አንድ ገል ያነሣና የሚፈራውን ሰው ስም ይጽፍበታል። ገሉ ይቆጠራል። ስሙ የበዛበት ሰው ክስ የለ፣ ሙግት የለ፣ ጓዙን ጠቅልሎ አሥር ዓመት ከከተማው ይወጣል።

«ይኼን ክፍል ውስጥ እናድርገውና ያየነውን እንጻፍ» አለች።

«ማን ሊባረር ነው?» አለ ሠዓሊው።

ሦስቱም ጡሩምባን አዩት። ጡሩምባ ደስ አለው። «በሩ ላይ ቆሜ ንግግር አደርጋለሁ» አለ። «የማያለቅስ ሰው ቢገኝ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።» ነገሩ ያኔውኑ ያለቀ መሰለ። ርዕሱ እንኳ ተመርጦ ነበር፦ «ጡሩምባ ከአቴና ተባረረ»።

መምህሩ ሲነገራቸው ዓይናቸው በራ። እሳቸውም ነገር ከወደዱ ግራ ቀኝ የሚያዩ ሰው አይደሉም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጧቸው፣ ሕጉንም ራሳቸው አወጡ። ገል ወስዶ ሳይጽፍ የሚቀር የለም። የሚጻፈው የዚሁ ክፍል ልጅ ስም ይሁን እንጂ የፈለገው ይሁን። የተመረጠው በበሩ ወጥቶ፣ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለሳል፤ አሥሩ ዓመት በዚያ አለቀ ማለት ነው። «ጨዋታ ነው፣ ልጆች» አሉ መምህሩ።

ከግቢው ጀርባ የተሰበሩ የአበባ ማሰሮዎች ተከምረው ነበር። እነሱን ሰባብረው፣ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ጠዋት ግን የጡሩምባ ፊት እንደ ትናንቱ አልነበረም። ቤቱ ሄዶ አስቦበት ይሆናል። ቀልድ ቀልድ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ «ውጣልን» ብሎ ሲጽፍ ግን እስኪ ማን ደስ ይለዋል? በረንዳው ላይ ቆሞ እየሳቀ፣ «የኔን ስም የምትጽፉ ጻፉ፣ ግድ የለም» አለ። «የእያንዳንድሽን ጽሑፍ ግን ለይቼ ነው የማውቀው።» ሌሎቹም ሳቁ። ሳቁ ከጥርስ አላለፈም።

አዘጋጇ ገሏንና ማርከሯን ይዛ ተቀመጠች። ጡሩምባ ከፊቷ ባለው ወንበር ነው፣ ዞር ቢል ያያታል። የመጀመሪያውን ፊደል ልትጽፍ እጇን ሰነዘረችና መለሰችው። ነገ ከዚህ ልጅ ጋር ጋዜጣውን መጨረስ አለባት። ነገ ከነገ ወዲያ ስሟን «አባራሪት» ብሎ ኮሪደሩን ሙሉ ሲያስተጋባው ታያት። ደግሞስ እሷ ባትጽፈው ሌላው መጻፉ መቼ ይቀራል? እሱ በሌላው ይባረራል። እሷ የሚያስፈልጋት አንድ ስም ብቻ ነው፣ ማንንም የማይጎዳ፣ ማንንም የማያስቀይም። ማንም የማይጽፈው ስም። ማንም ካልጻፈው ደግሞ አንዲት ገል ብቻዋን የት ትደርሳለች?

«ጭምት» ብላ ጻፈችና ገሉን ደፋችው። በኋላ እነግራታለሁ፣ እንስቃለን አለች በልቧ። ከጓደኛ ሌላ ማን እንዲህ ዓይነት ነገር ይችላል?

ገሎቹ በባልዲ ተሰበሰቡ። መምህሩ ሊያነቡ ቆሙ። ሰሌዳው ላይ ስም እየጻፈ መስመር የሚያሰምር ሰው አስፈለገ፤ «ጽሑፍሽ የሚያምር አንቺ ነሽ» ብለው ጭምቷን ጠሯት። ጭምቷ ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ሰው ፊት መቆም የምትፈራ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ፈገግ ብላ ነበር።

የመጀመሪያው ገል የጡሩምባ ስም ነበረበት። ክፍሉ አጨበጨበ፣ ጡሩምባም ተነሥቶ እጅ ነሣ። ቀጥሎ «ጭምት» አሉ መምህሩ። ክፍሉ ሳቀ፣ ጭምቷም ፈገግ አለችና ስሟን ጽፋ አንድ መስመር አሰመረች። ሦስተኛውም «ጭምት» ነበር። ሳቁ ቀነሰ። ከዚያ ሌላ ስም፣ ከዚያ ጭምት፣ ከዚያ ጭምት። አዘጋጇ ባልዲውን ማየት ትታ ሰሌዳውን አየች። አሁን ይቆማል፣ አሁን የጡሩምባ ይመጣል እያለች ትጠብቃለች። ጡሩምባ ሁለት መስመር ላይ ቀረ። የጭምቷ መስመሮች ግን እየረዘሙ ሄደው የሰሌዳውን ጠርዝ ሲነኩ፣ ጭምቷ ወደ ታች ዝቅ ብላ አዲስ ረድፍ ጀመረች። አንድም መስመር አላጣመመችም።

እዚህ ላይ መምህሩ ማቆም ነበረባቸው። ባልዲውን ደፍተው «በቃ፣ ገባን» ቢሉ ምን ነበረበት? ድምፃቸው እየሰለለ መጣ፣ ፊታቸው ላብ አወጣ፣ ግን አነበቡ። የጀመረ ሰው መጨረስ አለበት የሚል ሰው ስንቱን ጉድ እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል።

ገሉ አለቀ። ጭምቷ ጠመኔውን ቦታው ላይ አስቀመጠች። ጣቶቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ወደ ክፍሉ አልዞረችም፤ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደች።

«የኔ ልጅ፣ ግድ የለም፣ ሜዳውን መዞሩ ይቅር» አሉ መምህሩ።

ጭምቷ ግን ሕጉን ልትፈጽም ወጥታ ነበር። ክፍሉ በሙሉ በመስኮት አያት። የሜዳውን ዳር ይዛ ሄደች፣ አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። ግማሽ ስትደርስ የግቢው በር ክፍት ነበረ። በዚያ ወጣች። ቦርሳዋ ወንበሯ ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ጭምቷ አልመጣችም። ቡድኑ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠ፣ የፊት ገጹ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። መጀመሪያ የተናገረው እንደ ልማዱ ጡሩምባ ነው።

«እኔ እምለው» አለ፣ «እንዴት ያለ ጨካኝ ክፍል ነው? ያቺ ልጅ ምን አድርጋቸው ነው?»

«አንተ ማንን ጻፍክ?» አለ ሠዓሊው።

ጡሩምባ ዝም አለ። ጡሩምባ ዝም ሲል ያየ ሰው በዚያ ትምህርት ቤት አልነበረም። ጆሮው ቀላ።

«እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ ነው» አለ። «ሌላ ሰው ብጽፍ ይጣላኛል። እሷ አትጣላም ብዬ ነው።»

«እኔም» አለ ሠዓሊው።

ሁለቱም አዘጋጇን አዩ። አዘጋጇ ጠረጴዛውን አየች። መናገር አላስፈለጋትም።

በእረፍት ሰዓት ዞራ ሌሎቹን ጠየቀች። አንዱም «ጠልቻት ነው» አላለም። አንዷ «ጭምቷን ማን ይጠላል?» ብላ ልትቆጣት ሁሉ ቃጣት። የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ ጡሩምባን ፈርቼ፣ የጎረቤቴን ልጅ አፍሬ፣ አንዲት ገል ምን ታመጣለች ብዬ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ጌጡን ይዞ መጥቶ አንዲት ልጅ ላይ ሸክም አድርጎ ጫነው። አቴናዎች እንኳ የጻፉት የሚፈሩትን ሰው ነበር። እነዚህ የጻፉት የማይፈሯትን ነው።

አዘጋጇ ያን ቀን ቦርሳውን ይዛ እስከ ፎቁ ወጣች፤ በሩን ግን አላንኳኳችም፣ እጀታው ላይ አንጠልጥላው ወረደች። በሚቀጥለውም ቀን እስከ ደረጃው ግማሽ ወጥታ ተመለሰች። ምን ትበል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ ቢያንስ የጣለችው የራሷን ነው። ይቺ የጣለችው የሰው አደራ ነው። ከጣሪያው በላይ የስፌት መኪናው ያለ ፋታ ይሠራል፤ ሳቅ የለ፣ ንግግር የለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከላይ ሻንጣ ሲጎተት ሰማች። ያልተለመደ ከባድ እርምጃም ሰማች፤ የአክስትየው መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታስር ወደ ላይ ሮጠች።

የከፈቱላት እናትየው ናቸው። ክር አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል፣ ዓይናቸው አብጧል።

«መጣሽ?» አሉ። «ግቢ። ምንም አልነግር ብላኛለች። ሦስት ቀን ሙሉ 'ከአክስቴ ጋር ልሂድ' ብቻ ነው የምትለው። አንቺ አጠገቧ ነሽ። ማነው ልጄን የጠላት?»

አዘጋጇ ውሸት አዘጋጅታ አልመጣችም፣ ጊዜም አልነበራትም። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ገሉን፣ ባልዲውን፣ ሰሌዳውን። «ማንም አልጠላትም፣ እትዬ» አለች። «ሌላ ሰው ብንጽፍ ይጣላናል ብለን ነው። እሷ ማንንም አትጎዳም። ስለማትጎዳ ነው።»

እናትየው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከስፌት መኪናው ሥር የተንጠለጠለውን ጨርቅ ስበው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ቢጠሏት ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ጠላት እኮ ይለመናል። እምቢ ካለ ይከሰሳል፣ ይሰደባል። እንዲያ ያለውን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ በሩ ላይ እጮህበት ነበር። 'ምንም አታደርገንም' ብለው ልጄን ለሚረግጧት ሰዎች ምን ላድርጋቸው?» ከዚያ ቀና ብለው አይዋት። «አንቺስ?»

«እኔም» አለች አዘጋጇ።

ይቆጡኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ቢቆጧት፣ ከደረጃው ቢያባርሯት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን «እዚያ ውስጥ ናት፣ ሳትሄድ አናግሪያት» ብቻ አሉና ክሩን ከአንገታቸው ማውረድ ጀመሩ። አደራ የሚለውን ቃል አላነሡም። አዘጋጇ ግን ሰማችው፣ ደረቷ ውስጥ ነው የሰማችው።

ጭምቷ አልጋዋ ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብሷን ታጥፋለች። አክስትየው ዕቃ ልታስጭን ወደ ታች ወርዳለች፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል።

«ቲቸር ይቅርታ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ» አለች አዘጋጇ ቸኩላ። «ጡሩምባም ይመጣል። ሁሉም አፍረዋል። እባክሽ አትሂጂ። ሰኞ አብረን እንግባ፣ ማንም አፉን አይከፍትም።»

«ድ-ድሮም አልከፈቱም» አለች ጭምቷ። ሹራቧን አጠፈችና ሻንጣው ውስጥ አኖረች። «በፊት ያ-ያሾፉብኝ የነበሩትን አውቃቸዋለሁ። ከሩቅ ሳያቸው መ-መንገድ እቀይር ነበር። እናንተን ግን እንዴት ልለያችሁ? ሁ-ሁላችሁም ጥሩ ናችሁ።»

ይህን ስትናገር ድምፏ ውስጥ ንዴት አልነበረም፣ ያ ነው ለአዘጋጇ የከበዳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን እሷ ቀድማ ማልቀሷ ነውር መሰላት።

«እኔ ክፋት አስቤ አይደለም» አለች። «ጡሩምባን እንዳልጽፍ ፈራሁት። ሌላም ሰው ማስቀየም አልፈለግኩም። አንድ ስም የግድ መጻፍ ነበረብኝ። አንዲት ገል ምንም አታመጣም ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው።»

ጭምቷ ማጠፏን ተወች። «ም-ምንም ካላመጣች…» አለችና ቆመች። ቃሉ አልወጣ አላት። አዘጋጇ ልትጨርስላት ፈለገች፤ ምን ሊሆን እንደሚችል ግን አላወቀችውም፣ ዝም ብላ ጠበቀች።

«ምንም ካላመጣች፣ ለ-ለምን የራስሽን አልጻፍሽም?»

ከታች የመኪናው ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ተነፋ። እናትየው በሩ ላይ መጥተው ቆመው ነበር።

«አንቺ ማንን ጻፍሽ?» አለች አዘጋጇ።

«የ-የራሴን» አለች ጭምቷ። ይህ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን ነው ያየቻት። «ሰው እንዳይከፋው ብዬ። እ-እኔ ብቻ የምጽፈው መስሎኝ።»

አዘጋጇ መልስ ፈለገች። የሚያምር ሳይሆን እውነተኛውን ፈለገች። ያን ቀን ገሉን ይዛ የክፍሉን ልጅ ሁሉ ስም አንድ ባንድ በሐሳቧ አሳልፋ ነበር፤ ማንን ብጽፍ ማን ይቀየመኛል፣ ማን ይችለኛል እያለች። የራሷ ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላላትም።

«ትዝም አላለኝ» አለች።

ጭምቷ ራሷን ነቀነቀች። ሻንጣውን ከደነችና ቁልፉ እንቢ ሲላት፣ አዘጋጇ ተነሥታ በሁለት እጇ ተጫነችላት።